መብራት ሲመጣ

የሰበታው አናጺ ጃለታ አርፎ መቀመጥ አይችልበትም። ሰው በእጁ እንጨት ላይ የሚፈለፍለውን የጌጥ ሐረግ ኮምፒውተር ይፈልፍልልኝ ብሎ፣ ከአሮጌ ፎቶ ኮፒ ሞተር እየነቀለ፣ ብረት እየበየደ፣ ብቻውን እያወራ ከረመ። ጎረቤት አበደ ብሎ ሊያዝንለት ሲሰናዳ ማሽኑ ተነስቶ በር ላይ አበባ ቀረጸ። የሰው ሁሉ አፍ ተዘጋ። ሚስቱ ሮዳስ ግን ማሽኑ በጮኸ ቁጥር ከአጠገቡ ትሸሽ ነበር፤ እውነቷን ነው። ጃለታ ችኩል ነውና ማቆሚያ ቁልፍ ሳይገጥምለት የመቅረጫ ምላጩን ማብሪያ እንደበራ በሽቦ አስሮታል። መሰኪያው ከተሰካ ምላጩ ይሽከረከራል፣ ከተነቀለ ይቆማል፤ ሌላ ማጥፊያ የለውም።

አንድ ጠዋት ሥራ መሃል መብራት ጠፋ። ምላጩ ሳንቃው ውስጥ እንደተሰነቀረ ቀረ። ጃለታ በዙሪያው የታጨቀውን ሰጋቱራ በጣቷ እንድታወጣው ለሮዳስ ነግሯት፣ እሱ ቡሎን ሊገዛ ኦቦ ዱቤ ሱቅ ሄደ።

ኦቦ ዱቤ በድንግዝግዝ ቡሎን ይፈልጋሉ። ጃለታ የሱቁን አምፖል ማብሪያ አይቶ፣ ሳያጠፉት ነው እንዴ የተቀመጡት ብሎ ቀለደባቸው።

"መምጣቱን በምን ልወቅ ታዲያ?" አሉት ሽማግሌው።

እውነታቸውን ነው። በእኛ አገር መብራት ሲሄድ ማን ያጠፋል? ሁሉም ከፍቶ ይጠብቃል። ጃለታ ሊስቅ አፉን ሲከፍት ማሽኑ ትዝ አለው። እሱም መሰኪያውን አልነቀለም።

ደወለ። ጠራ፣ ጠራ፣ ሮዳስ አላነሳችም። እንደገና ደወለ። እየጠራ ሳለ የኦቦ ዱቤ አምፖል ቦግ አለ፤ የሰፈሩ ልጆችም መጣ መጣ እያሉ ጨፈሩ።

ቡሎኑን ጥሎ ሮጠ። ኦቦ ዱቤ ከኋላው "ማል ታቴ፣ ምን ሆንክ?" ሲሉ አልሰማቸውም። እመቤቴ እጇን አትርፊልኝ አለ። ትንሽ ሮጦ ደግሞ፣ ነፍሷን ብቻ አለ።

ደጃፉ ሳይደርስ ጩኸቱን ሰማ። ምላጩ እንጨት ሲበላ እንዴት እንደሚጮህ ያውቃል፤ ያሁኑ ግን ምን እየበላ እንደሆነ ጆሮው ሊለይለት አልቻለም። ሊገባም ፈራ፣ ሊቆምም ፈራ፤ ገባ።

ሮዳስ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። ስልኩን በሁለት እጇ ጨብጣዋለች። ጣቶቿ ሙሉ ናቸው። ጃለታ ዘሎ መሰኪያውን ነቀለው።

"መጀመሪያ ስትደውል ሥራዬን ልጨርስ ብዬ ተውኩት" አለች። "ሁለተኛው ሲጠራ ነው እጄን ያወጣሁት። ምን ፈልገህ ነበር?"

መዋሸት ይችል ነበር። "መሰኪያውን አለመንቀሌ ትዝ ብሎኝ ነው" አላት።

ሮዳስ አላለቀሰችም፣ አልተሳደበችምም። ማሽኑን አየች፣ ባሏን አየች።

"አሁን ነቅለኸዋል አይደል?" አለችው። "በል፣ የቀረውን ሰጋቱራ አንተ አውጣው።"

መሰኪያው በግራ እጁ ነው። ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በዐይኑ ተከተለው፤ የትም አልተሰካም። ምላጩ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ጃለታ ቀኝ እጁን ወደ ሰጋቱራው ሰደደ፣ ሳይደርስ መለሰው። ደግሞ ሰደደው። እጁ አልሄድ አለው።