ወንዱ ኤንጋንግ የቀረ ዕለት

ወንዱ ወፍ ከትናንት ቀትር ጀምሮ አልመጣም። ሮስናኒ የወፎቹን ጎጆ ከምትጠብቅበት የቅጠል ዳስ ውስጥ ሆና አንገቷ እስኪደነድን ሽቅብ ታያለች። ግንዱ ላይ፣ በጭቃ ከተደፈነው ቀዳዳ የሴቷ ቢጫ ምንቃር ብቅ ይላል፤ ይከፈታል፤ ባዶውን ይመለሳል። ከሴቷ ኋላ፣ ከቀዳዳው ውስጥ ጫጩቱ ይንጫጫል።

ኤንጋንግ የሚሏት ባለ ትልቅ ምንቃር ወፍ እንቁላል ልትጥል ስትል ዛፍ ውስጥ ገብታ ደጃፉን ትደፍናለች። የክንፏ ላባም ይረግፋል። አባወራው የዱር ሾላ እያመላለሰ በጠባቧ ክፍተት ካላጎረሳት እሷም ልጇም አለቀላቸው።

“ዛሬም የለም?” አሉ አማቷ ዶሎህ፣ እያነከሱ ወደ ዳሱ ሲገቡ።

“የለም ባፓ” አለች፤ አባባ ማለቷ ነው። “ጫጩቱም ድምፁ እየደከመ ነው።”

“እንግዲህ ምን ይደረጋል። ይሞታሉ።”

“እርስዎ ደግሞ! እንዲህ በቀላሉ?”

“ጉልበቴ እንደ ድሮው ቢሆን እዚህ ተጎልቼ አወራ ነበር?”

ሮስናኒ ግንዱን አየችው። በጋው ሲገባ፣ ዶሎህ ጉልበታቸው ሳይታመም ቀዳዳውን ለመጠገን የመቱት የቀርከሃ ችካል እስከ ላይ እንደተደረደረ ነው።

“እኔ እወጣለሁ።”

“አብደሻል? ልጄ ከባሕር ተመልሶ ‘ሚስቴስ?’ ሲለኝ ከዛፍ ወደቀች ልበለው?”

“ካልወደቅኩ አይጠይቅዎትም።”

የሳሮንግ ሽርጧን ፈትታ በሱሪዋ ቀረች። የለቀመችውን ሾላ በከረጢት አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ ገመድ ወገቧ ላይ አስራ ወጣች። ከታች ዶሎህ ቁርዓን ይቀራሉ፤ በመሃል ደግሞ “ግራ እግርሽን! ግራ አልኩሽ!” እያሉ ይጮኻሉ። አንዱ ችካል ከእግሯ ሥር ተሰብሮ ሲወርድ ቁርዓኑም ጩኸቱም ቆመ። ግንዱን እንዳቀፈች ልቧ እስኪመለስ ጠበቀች።

ቀዳዳው ጋ ስትደርስ ፍሬውን በእንጨት ጫፍ ሰክታ ዘረጋች። ሴቷ እንጨቱን ቀጭ አድርጋ ሰበረችው። ሁለተኛውንም። በሦስተኛው ምንቃሯን ከፈተች፤ ፍሬው ገባ፤ ጫጩቱ ጮኸ።

ሮስናኒ ልትስቅ ስትል ነው የክንፉን ድምፅ የሰማችው። እንደ ከባድ ነፋስ እየነፈሰ መጥቶ ቅርንጫፉ ላይ አረፈ። ወንዱ ነበር። አንድ እግሩ ላይ የተበጠሰ የወጥመድ ሽቦ ተንጠልጥሏል፤ እግሩ አብጧል። በቀይ ዓይኑ ትኩር ብሎ አያት።

ብትወርድ ይደነግጣል፤ ከደነገጠ ደግሞ ላይመለስ ይችላል። ፊቷን ከግንዱ አጣብቃ ትንፋሿን ዋጠች። ቀይ ጉንዳን በእጅጌዋ ገባ። አንገቷ ሥር ሲነክሳት ከንፈሯን ነከሰች እንጂ አልተነቃነቀችም። የዛለ ክንዷ ግንዱ ላይ ተንሸራተተ። ወንዱ ወደ ሌላ ቅርንጫፍ ተሻገረ፣ ሊሄድ ክንፉን ዘረጋ። በቃ፣ እኔው አባረርኩት አለች በልቧ።

ጫጩቱ ጮኸ። ወንዱ ክንፉን ሰበሰበ። ከዚያ በአንድ እግሩ መጥቶ ቀዳዳው አፍ ላይ፣ እጇን ብትዘረጋ በምትነካው ቦታ ተለጠፈ። ከጉሮሮው ሾላ እያወጣ አንድ በአንድ አጎረሰ። ሲጨርስ ወደ እሷ እንኳ ሳያይ በረረ።

ወርዳ መሬት ላይ ተቀመጠች። ዶሎህ ጉንዳኑን ከአንገቷ እያራገፉ፣ “ሁለተኛ አትወጪም! ሰማሽ?” አሉ። ዓይናቸው ግን እንባ አቅርሯል።

በማግስቱ የመንደሩን ሰው አስተባብረው ወንዱ ከሚለቅምበት የሾላ ዛፍ ሥር አዳኞች የዘረጉትን የወጥመድ ሽቦ ሁሉ ነቃቅለው መጡ። ወንዱ እያነከሰ መመላለሱን ቀጠለ። ዝናቡ ሊገባ ሲል ሴቷ የጭቃውን ድፍን ሰብራ ወጣች፤ ጫጩቱም ተከተላት። ያን ቀን ሮስናኒ ባሏን ልትቀበል ወደብ ወርዳ ነበርና አላየችም።

“ጫጩቱ እንዴት በረረ ባፓ? በደንብ ይንገሩኝ እንጂ!” አለች ስትመለስ።

“በረረ ነው የምልሽ!” አሉ ዶሎህ። “ወፍ እንዴት ይበራል?”