በጣባው ግርጌ የቀረው ጣት

መንደሩ በሙሉ ሸክላውን በሚተኩስበት የጋራ ምድጃ ውስጥ ሳዋ ጣባዎቿን የምትደረድርበት አንድ ረድፍ ነበራት። እሷንም ልታጣት ነው። ጥቁሩን ቅብ ከታች፣ ከሩዝ ገለባ አመድ የሚሠራውን ነጭ ቅብ ከላይ ደርባ ስትሞክር፣ ነጩ አምስት ጊዜ ቀልጦ እየወረደ ጣባዎቿን ከመደርደሪያው ጋር አጣብቆባታል። አባቷ ጊሄይ፣ ለአንድ ገላ ሁለት ካባ ምን ያደርግለታል ብለው፣ ስድስተኛው ሙከራ ከተበላሸ ረድፏ ለጎረቤታቸው ለቶኩጂ እንደሚሰጥ ቁርጡን ነግረዋታል።

ከስድስተኛው ሙከራ በኋላ ምድጃው ሲከፈት አንድም ጣባ አልተጣበቀም። ጥቁሩና ነጩ የተገናኙበት ቦታ ከዝናብ በኋላ እንደሚታይ ተራራ ሰማያዊ ሆኗል። ሰው እሰይ ሲላት ሳዋ ግን አንዱን ጣባ ገልብጣ ግርጌውን አየች። ነጩን እስከ ግርጌው ድረስ ነክራው ነበር፤ አሁን ከግርጌው ሁለት ጣት ከፍ ብሎ ቆሟል። ከመተኮሱ በፊት አንድ ሰው በእርጥብ እጅ ጠርጎታል፤ ቀልጦ ሲወርድ መደርደሪያው ላይ ያልደረሰውም ለዚህ ነው።

ከቶኩጂ ሌላ ማን ይሆናል? ሰሞኑን የተነከሩ ጣባዎቿን በምታደርቅባቸው ሰሌዳዎች ዙሪያ ሲያንዣብብ ነበር፤ አመዱን ስንት ቀን እንደምትዘፈዝፈውም ሁለቴ ጠይቋታል። እዚያ መንደር የቅብ አሠራር ከወላጅ ወደ ልጅ ይወርዳል እንጂ አጥር አይሻገርም። ዛሬ እጁን ያስገባ ሰው ነገ የእኔም ነው ማለቱ አይቀርም።

የሸክላ አፈር በሚወቅጠው የውሃ ሙቀጫ አጠገብ አገኘችው።

"ጣባዎቼን ነክተሃል።"

ቶኩጂ ሳቀ። የእሷን የሚያድን እጅ ቢኖረው ኖሮ የራሱን እንደማያቃጥል ነገራት። ከዚያ ጣባውን ተቀብሎ አገላብጦ አየና፣ "አንቺ ልጅ፣ የነካብሽ ሰው ጣቱን ትቶልሽ ሄዷል። ቁጠሪው እስቲ" አላት።

ቆጠረች። ጠራጊው ጣባውን የያዘበት ቦታ በቅቡ ላይ ታትሟል፦ አውራ ጣት፣ መሃል ጣት፣ የቀለበት ጣት። አመልካች ጣት የለም።

የአባቷን አመልካች ጣት ከሃያ ዓመት በፊት ይኸው ሙቀጫ በልቶታል።

ቤት ስትደርስ ጊሄይ በጨው የተዘፈዘፈ ፍጅል ይቆረጥማሉ። ቀና ሳይሉ፣ ተጣበቀ ወይ ብለው ጠየቋት። እንዳልተጣበቀ ነገረቻቸው፤ ሰው እንደነካባትም ጭምር።

"ቶኩጂ ነው" አሉ። "የዚያ ሰው እጅ አያርፍም።"

ሳዋ ያ አራት ጣት የቀረው እጅ ወደ ፍጅሉ ሲመላለስ አየችው። ረድፏ ተርፎላታል፤ የተረፈው ግን በማን እጅ ነው? በማግስቱ አዲስ ጣባዎች ነክራ፣ ነጩን ከግርጌያቸው ሁለት ጣት ራሷ ጠረገችና፣ ሰሌዳውን አባቷ ቢንጠራሩ እንኳ ከማይደርሱበት መደርደሪያ ላይ ሰቀለችው።

መሰላሉንም ደበቀችው።