የሳቀው ወታደር

አስቢር ጉሩንግ በወጣትነቱ የተዋጋባትን የጣልያን ከተማ የሚያሳይ የድሮ የጦርነት ፊልም መምጣቱን ሲሰማ፣ ላያየው ምሎ ነበር። ምን ዋጋ አለው፣ ሱክማያ የአንድ ቀን መንገድ በእግሯ ተጉዛ ፖክራ ከተማ ድረስ መጣችና እጁን ይዛ ፊልሙ ወደሚታይበት የጡረተኛ ወታደሮች አዳራሽ አስገባችው።

“ዋርሳዬ፣ አንተ ካልጠቆምከኝ በምን እለየዋለሁ? ሁላችሁም የብረት ቆብ ደፍታችሁ አንድ ትመስላላችሁ” አለችው።

ባሏ ናርጃንግ ከሠላሳ ሦስት ዓመት በፊት ጣልያን አገር ሲዋጋ ሲሞት፣ እንደ ወንድም የሚያየው ጓደኛው አስቢር አብሮት ነበር። ሱክማያ ከባሏ ጋር የኖረችው አሥራ አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ፎቶውም የላት። የሙት ሥርዓቱ ሲወጣለት አስከሬን ስላልነበረ፣ እንደ ደንቡ ከቀርከሃ ምስል ተሠርቶ ኮቱን አለበሱት። ፊቱ ላይ ግን ነጭ ጨርቅ እንጂ ምንም አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ባሏን ባሰበች ቁጥር የሚመጣባት ያ ጨርቅ ነው። ዛሬ ፊቱን ልታይ ነው የመጣችው።

መስኮቶቹ በብርድ ልብስ ተጋረዱ፤ የፊልም ማሽኑም መንጣጣት ጀመረ። ግድግዳው ላይ አንዲት የፈራረሰች ከተማ ታየች። ለእንግሊዝ የሚዋጉት የኔፓል ወታደሮች፣ ጉርካዎቹ፣ ጠመንጃቸውን ወድረው፣ ጥግ ጥጉን ይዘው ይገሰግሳሉ።

ሱክማያ በክርኗ ጎሸም አደረገችው። “የቱ ነው?”

 አስቢር የለም ሊላት አንጀቱ አልችል አለው። “ያ! ከቤተ ክርስቲያኑ ማዕዘን የሚወጣው” አለና ጠቆማት።

ወታደሩ ወደ ካሜራው ዞሮ ጥርሱ እስኪታይ ሳቀና አለፈ።

“ውይ! ይስቃል እኮ!” አለች ደስ ብሏት። ቆየት ብላ ግን ፊቷ ጠቆረ። “ከተማዋን በያዛችሁበት በዚህ ቀን አይደል የሞተው? ሞት ደጁ ቆሞ፣ እኔ ቤት ቁጭ ብዬ፣ እሱ ይስቃል? ምን ዓይነት ጨካኝ ሰው ኖሯል!”

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። የሞተ ሰው አፍ አውጥቶ አይከራከር፤ አስቢር በገዛ ሳቁ ወዳጁን ሊያስወቅስ ነው። አፈረ።

“እትዬ፣ እሱ አይደለም። እኔ ነኝ።”

“ምን?”

“ከተማዋን የያዝነው ይህ ፊልም በተነሣበት ቀን ዋዜማ ነው። ናርጃንግ ያን ዕለት ወደቀ። በማግሥቱ ባለካሜራው መጥቶ፣ ‘እንደ ትናንቱ ሆናችሁ እንደገና ግቡልኝ’ አለን። ጠላት የለ፣ ተኩስ የለ፣ ደግመን ገባን። ከፊቴ ያለው ልጅ ጭቃ አንሸራቶት ዘጭ ሲል ሳቅሁ። ናርጃንግ እኮ እዚያው ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ብርድ ልብስ ለብሶ ተኝቷል! እስከ ዛሬ ሆድ ይፍጀው ብዬ ነው የኖርኩት።”

ትተፋብኛለች ብሎ አንገቱን ደፋ። እሷ ግን ጠየቀችው።

“ስንት ዓመትህ ነበር?”

“ሃያ።”

“ልጅ ነበርክ” አለችና ወደ ባለማሽኑ ዞረች። “ጌታዬ፣ እባክህ አንዴ ድገምልኝ።”

ፊልሙ ተደገመ። አሁን ወታደሮቹን አላየችም። ቤተ ክርስቲያኑ ሲመጣ ተነሥታ እስከ ግድግዳው ሄደች፤ ጥላዋ የከተማዋን ግማሽ ሸፈነው።

“እማማ፣ ጋረዱን እኮ! ቁጭ ይበሉ!” ብለው ከኋላ ጮኹ።

መዳፏን ምስሉ ላይ አሳረፈች። “እዚህ ጋ ነው የተኛው?”

“ትንሽ ወደ ግራ” አላት አስቢር።