የፈላ ውሃ የነካው ኮራል

አማትና ምራት ከተኳረፉ ሦስተኛ ቀናቸው ነበር። ያኳረፋቸውም ሳሎን ውስጥ የቆመ ባዶ የመስታወት ሣጥን ነው።

የሣጥኑ ርዝመትም፣ ወርድም፣ ቁመትም እኩል ስልሳ ሳንቲ ሜትር ነው። ምራትየዋ የሕንፃ ንድፍ ሠሪ ናት። ለሰው ቤት ስትስል ትውልና፣ ትርፍ ጊዜዋን ለዓሣና ድንጋይ ላይ ለሚያድገው የባሕር እንስሳ፣ ለኮራል፣ ቤት መሳያ ማድረግ ከጀመረች ሁለት ወር አልፏታል። አማትየዋ ደግሞ ሠላሳ ዓመት የትልቅ ሆቴል የጽዳት ኃላፊ ሆነው ሠርተው፣ ጡረታ ሲወጡ ልጃቸው ቤት የገቡ ሴት ናቸው። ልጃቸው በቀልድ «ኮማንደር» ይላቸዋል፤ እሳቸውም ስሙን አልጠሉትም።

ለሣጥኑ ቦታ ለመልቀቅ የእሳቸው ቁምሳጥን ወደ ኮሪደር ሲወጣ ዝም አሉ። ሳሎኑ በድንጋይ ባልዲ ሲሞላ ግን አላስቻላቸውም።

«ደጁ ሁሉ ድንጋይ ሆኖ ሳለ፣ ድንጋይ በመስታወት ማስቀመጥ ምን የሚሉት ነው?»

«እማማ፣ ይሄ ሆቴል አይደለም፤ እርስዎም እዚህ አለቃ አይደሉም» አለች ምራት።

ወዲያው ቆጫት። ግን «ከአፍ የወጣ አፋፍ» ነውና መመለሻ አልነበረውም። ከዚያ ወዲያ በመካከላቸው «እንዴት አደሩ» እና «ደህና» ብቻ ቀረ።

ቅዳሜ ጠዋት ባልየው ከሣጥኑ በላይ መብራቱን ሰቀለና ወደ ሥራው ሄደ። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ምራት እጅጌዋን ሰብስባ ከድንጋዮቿ ጋር ቀረች። አራት ማዕዘኑ ሣጥን ጣጣው ጀርባ የሌለው መሆኑ ነው፤ ከሶፋውም፣ ከምግብ ጠረጴዛውም፣ ከበሩም ይታያል። ድንጋዩን መሃል ላይ ብትከምረው የፈረሰ ግንብ ይመስላል፤ መስታወቱን ብታስደግፈው ውሃው አይዘዋወርም፣ ለማጽዳትም እጅ አይገባም። በሣጥኑ ልክ ካርቶን ቆርጣ፣ አሸዋ አፍስሳ፣ አሥር ጊዜ ሠርታ አሥር ጊዜ አፍርሳዋለች። በመጨረሻ አንድ ረጅምና አንድ አጭር ዓምድ፣ በመካከላቸውም ዓሣ የሚሾልክበት ቅስት ወጣላት። ብርሃን የሚወዱት ኮራሎች ከላይ፣ የሚወዛወዙት ከታች፣ ጎረቤታቸውን የሚናደፉት ለብቻቸው ሊተከሉ ነው።

ኮራል ሻጩ አንድ ድንጋይ መርቆላት ነበር። ላዩ ቡናማ አዝራር በሚመስሉ ኮራሎች ተሸፍኗል። «በባዶ እጅሽ እንዳትነኪው፤ ሙቅ ውሃማ በፍጹም እንዳይነካው። እንፋሎቱ መርዝ ነው» ብሏታል። ይሄ ዓይነቱ ተዛምቶ ሌላውን ሁሉ እንደሚያለብስ ስታነብ ከንድፉ አወጣችው። ሰኞ ልትመልስለት፣ በጨው ውሃ ባልዲ ልብስ ማጠቢያው ጋ አስቀመጠችው። ለባሏ ነገረችው። ለአማቷ አልነገረችም፤ አይነጋገሩማ።

ቅስቱን ለማጣበቅ ማጣበቂያው እስኪደርቅ አሥር ደቂቃ ሳያንቀሳቅሱ መያዝ ያስፈልጋል። ሁለት እጇን ሣጥኑ ውስጥ ከታ ቆመች። ከወጥ ቤት ማንቆርቆሪያው ሲፈላ ተሰማት፤ ቀጥሎም የብሩሽ ፍግፈጋ። ድስት እያጠቡ ነው አለች በልቧ። ከዚያ ሳል መጣ። ደግሞ ሌላ ሳል፣ የማያባራ።

«እማማ?»

በበሩ በኩል ፀሐይ የመታው የሞተ ዓሣ የመሰለ ሽታ ገባ።

«እማማ! ምን እያደረጉ ነው?»

«ድንጋይሽን እያጠብኩልሽ ነዋ!» አሉ በሻከረ ድምፅ። «ሻጋታ ወርሶታል፤ በፈላ ውሃ ካልሆነ አይለ...» ሳሉ አቋረጣቸው።

ምራት እጇን ለቀቀች። ቅስቱ ወድቆ አጭሩን ዓምድ ይዞት ወረደ፤ ዞራም አላየችው። ትንፋሿን ውጣ ወጥ ቤት ገባች። አማቷ ፊታቸው እንፋሎቱ ውስጥ ተደፍቶ፣ ብሩሹን እንደያዙ ነበር። በብብታቸው አቅፋ ጎትታ አወጣቻቸው፤ በሩን በእግሯ ዘጋችው፤ ከቤት ውጭ እስካለው ደረጃ ድረስ አላቆመችም።

«ምን ነካሽ? ድንጋይ እኮ ነው!»

«መርዝ ነው፣ እማማ! ዓይንዎን እንዳይነኩ!»

አማትየዋ ከንፈራቸውን ላሱ። ፊታቸው ተለዋወጠ። «አፌ ብረት ብረት ይላል» አሉ ቀስ ብለው።

ሆስፒታል ሲደርሱ ወባ እንደያዘው ሰው ይንቀጠቀጡ ነበር። ሐኪሙ ደረታቸውን አዳመጠ። «ጉንፋን ነው፤ ወቅቱ ነው። ማስታገሻ እጽፍላቸዋለሁ፣ ቤት ሄደው ይረፉ።»

«ጉንፋን አይደለም፣ ዶክተር። ኮራል ነው። የባሕር እንስሳ። በፈላ ውሃ አጥበውት እንፋሎቱን ስበው ነው።»

ሐኪሙ አሥር በሽተኛ ውጭ እንደሚጠብቀው ሰው አያት። እሷ ግን ስልኳን አውጥታ ለሻጩ ደወለችና ሐኪሙ ጆሮ ላይ ደቀነችው። «ይሄን ሰው ይስሙት። ከዚያ ካባረሩን ያባርሩን።»

ሐኪሙ ፊቱን አኮሳትሮ ማዳመጥ ጀመረ። ትንሽ ቆይቶ መቀመጫ ሳበ። «ስንት ደቂቃ ተነፈሱት?» አለ። ከዚያ በኋላ ሁሉም በሩጫ ሆነ፤ አልጋ፣ ኦክስጅን፣ የልብ መከታተያ። «ማርከሻ የለውም። ትንፋሻቸውን እየደገፍን መጠበቅ ነው» አላት።

ባልየው ከነመሣሪያ ቦርሳው ደረሰ።

«ለምን አልነገርሻትም?»

«አንነጋገርም ነበር።»

ቦርሳውን መሬት አስቀምጦ ወደ እናቱ አልጋ አለፈ። ቢቆጣት ይሻላት ነበር።

መርዙ የራሷንም ጣቶች አደንዝዟቸው፣ አልጋው ሥር በርጩማ ላይ ተቀመጠች። የአማቷ ትኩሳት ወጣ፤ ትንፋሻቸው አጠረ፤ ነርሷ ኦክስጅኑን ሁለት ጊዜ ጨመረች። በማግስቱ ወደ ቀትር ላይ ነው ላብ አጥምቋቸው ሰውነታቸው የቀዘቀዘው። ዓይናቸውን ገልጠው ጭምብሉን ከፍ አደረጉ።

«አበላሸሁብሽ እንዴ?»

«ይተዉት እማማ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ልነግርዎ ይገባ ነበር፤ አኩርፌ ነው።»

«እኔም አኩርፌ ነው ያልጠየቅኩሽ። ነጭ አድርጌ ባቀርብልሽ ታናግሪኛለሽ ብዬ...» ሳቅ ሞከሩ፤ ሳል ሆነባቸው። «ሠላሳ ዓመት የሆቴል መጸዳጃ ሳይገድለኝ፣ ድንጋይ ይግደለኝ?»

ምራት ሳቀች፤ ከሳቁ መሃል እንባዋ መጣ።

በአምስተኛው ቀን ቤት ገቡ። ሻጩ በጓንትና በጭምብል ድንጋዩን ወስዶ፣ ወጥ ቤቱን በቀዝቃዛ ውሃና በበረኪና አጽድቶት ነበር። ምራት የተረፉትን ድንጋዮች ወደ ባልዲ ስትመልስ አማትየዋ ከሶፋው አዩዋት።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«ይቅርብኝ።»

«ለአንድ ነገር ይህን ያህል ከታመምኩ፣ ቢያንስ ሲያልቅ ልየው። ግን መጀመሪያ የሚገቡትን ኮራሎች አንድ በአንድ ንገሪኝ።»

ዝርዝሩን አምጥታ አነበበችላቸው። እሳቸውም እንደ ድሮ ሥራቸው መረመሩት፤ የቱ ይናደፋል፣ የቱ በጓንት ይነካል፣ ውሃውን ማን ይቀይረዋል። ሁለት ስም ላይ ሲደርሱ እጃቸውን አነሱ። «እነዚህ እዚህ ቤት አይገቡም።»

አንደኛው ለረጅሙ ዓምድ አናት የመረጠችው፣ ከሁሉ የምትወደው ኮራል ነበር። እስክሪብቶ አነሳችና ሰረዘችው።

ሣጥኑ ከወር በኋላ ውሃ ተሞላ። የአማትየዋ ሳል ግን ጨርሶ አልለቀቃቸውም፤ ደረጃ ሲወጡ መሃል ላይ ይቆማሉ። ምራት አብራቸው ትቆማለች፤ ሁለቱም ስለ ሌላ ነገር ያወራሉ።