ራስጌ የተተከለው ስልክ

፩

ጠረኑ ቀድሞ ገባ።

ሠራተኛቸው ዘርትሁን ካርቶኑን ስትቀደው የተቃጠለ ጎማም የአዲስ ጫማም የሚመስል ሽታ ክፍሉን ሞላው። ወይዘሮ የሻረግ አፍንጫቸውን በግራ እጃቸው ያዙ። ቀኝ እጃቸው ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ ብርድ ልብሱ ላይ የተረሳ ዕቃ ነው።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ስታንድ ነው እትዬ። የስልክ ማቆሚያ። ልጅዎ ምንታምር ናት ከአዲስ አበባ የላከችልዎ።»

ከካርቶኑ የወጣው ጥቁር ነገር አንገቱ ረጅም ነው፤ ላባው የተነጨ የዶሮ አንገት። በአንደኛው ጫፉ አልጋ ይነክሳል፣ በሌላው ስልክ። ካርቶኑ ላይ ጸጉሯን የተሠራች ሴት አልጋዋ ላይ ተጋድማ፣ ስልኩ ከፊቷ ተሰቅሎላት፣ ጥርሷን ሁሉ አውጥታ ትስቃለች።

«ምን ያስቃታል?» አሉ ወይዘሮ የሻረግ።

ዘርትሁን ሥዕሉን አየች። እሷም አላወቀችም።


፪

ሙከራ።

ኮመዲኖው ላይ ታሰረ። ስልኩ ሲሰቀልበት አንገቱ ቀስ ብሎ ዘመመ፤ ዘመመ፤ ዘመመና የአጃ ሾርባው ውስጥ ገባ። ዘርትሁን ስልኩን አውጥታ በቀሚሷ ጠረገችው።

ሙከራ።

እግርጌ። ራቀ። በቪዲዮ የደወለችው ምንታምር ፊቷ የክብሪት ራስ አከለ።

ሙከራ።

ራስጌ።

ያዘ።

ያዘ ማለት፣ ከፊታቸው ክንድ በማይሞላ ርቀት ተደቀነ ማለት ነው። ስክሪኑ በራ። ሁለት የአፍንጫ ቀዳዳዎች። ወደ አንድ ጎን የተንጋደደ ከንፈር። ከከንፈሩ ጥግ እየተጎተተ የሚወርድ ምራቅ።

ይቺ ማናት ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። የዚያች ሴት አፍም ተከፈተ።


፫

ስለ እሳቸው ትንሽ ሳልነግራችሁ ብቀጥል ደግ አይሆንም።

ወይዘሮ የሻረግ ደሴ ውስጥ፣ ከሆጤ በላይ ባለ አንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለረጅም ዘመን ርዕሰ መምህርት ነበሩ። ጠዋት ሰልፍ ላይ የልጆቹን ጥፍር እያዩ ያልፋሉ። የቆሸሸ ያገኙ እንደሆነ ያንን ልጅ በሰው ፊት አይናገሩትም፤ ወደ ቢሯቸው ጠርተው፣ በሩን ዘግተው፣ ራሳቸው ይቆርጡለታል። ባላቸው በሕይወት ሳሉ እንኳ ጸጉራቸውን ሳያበጥሩ አይተዋቸው አያውቁም።

አሁን የሚያጥባቸው ዘርትሁን ናት። እሷም ብትሆን በሩን ትቆልፋለች፣ መጋረጃውን ትጋርዳለች፣ ፊቷን ዞር ታደርጋለች። ይህን ማንም አላስተማራትም። ወይዘሮ የሻረግም አንድ ቀን እንኳ አላመሰገኗት፤ ቃል ከሐሳባቸው ዘግይቶ ነው የሚመጣው። ሲናደዱ ደግሞ ጭራሽ አይመጣም።


፬

ምንታምር፦ እማዬ! ታየኛለሽ?

የሻረግ፦ አያለሁ።

ምንታምር፦ አየሽ አይደል! ከእንግዲህ እጄ አልታዘዝ አለኝ ብሎ ነገር የለም። ሲደወልልሽ ራሱ ያነሣል። ዘርትሁንን እየመራሁ አስተካክለነዋል።

የሻረግ፦ ራሱ?

ምንታምር፦ ራሱ። ባለፈው አላነሣ ስትዪ እኮ ላብድ ደርሼ ነበር። ሞተሻል ብዬ።

የሻረግ፦ እኔ… ሳላነሣው?

ምንታምር፦ አዎ። ምንም መንካት የለብሽም።

የሻረግ፦ ማንኳኳት የለም?

ምንታምር፦ (እየሳቀች) የምን ማንኳኳት ነው እማዬ? ልጅሽ እኮ ነኝ!


፭

ልጃቸው ናት። ትወዳቸዋለች። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ነገሩን የሚያከፋው እሱ ነው።

ሾርባ ሲጎርሱ ስልኩ ይከፈታል። «ዋጪው እማዬ፣ አትያዢው!» ይተፋሉ። እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርጋቸው ይከፈታል፤ ምንታምር ታክሲ ውስጥ ናት፤ አጠገቧ የተቀመጠ የማያውቁት ሰው ስክሪኑን አሻግሮ ያያቸዋል። ጥርሳቸው ወጥቶ ብርጭቆ ውስጥ ሳለ ይከፈታል።

ሁልጊዜ ከመከፈቱ በፊት ትንሽ ድምፅ አለው፤ ጧ የምትል፣ እንደ ምላስ። ያቺን ሲሰሙ ጉርሻቸውን ሳህኑ ላይ ይመልሳሉ። ምሳ መብላት ተዉ።

«ምን ሆኑብኝ?» ትላለች ዘርትሁን ሳህኑን እያነሣች።

«ቀፈፈኝ።»

«ወጡ?»

በጣታቸው ወደ ራስጌ አመለከቱ።


፮

ቅዳሜ ረፋድ። ዘርትሁን በሩን ቆለፈች፣ መጋረጃውን ጋረደች፣ ለብ ያለ ውኃ በሳፋ አስገባች። አንሶላውን ገለጠች። ስልኩን ማንም አላሰበውም።

ጧ።





ይህን ቦታ ባዶ የተውኩት እኔ ነኝ። የታየውን አልጽፈውም፤ እናንተም አታዩትም።


፯

የተሰማውን ግን እጽፋለሁ። በዚያች ሰዓት አዲስ አበባ፣ ምንታምር ቤት፣ የልጇ ልደት ነበር። ሳሎኑ በባሏ ዘመዶች ሞልቷል። አያትየው ለእንግዶቹ ሰላም ይበሉ ተብሎ ስልኩ ከትልቁ ቴሌቪዥን ጋር ተገናኝቷል።

የምንታምር ድምፅ፦ እማዬ፣ ሰርፕራይዝ! ሰው ሁሉ ሰላም ሊልሽ…

የሕፃን ድምፅ፦ አያቴ ለምን ልብስ…

የወንድ ድምፅ፦ አጥፊው! አጥፊው እንጂ!

የምንታምር ድምፅ፦ ሪሞቱ የታለ? ኧረ ሪሞቱን!

የአማቷ ድምፅ፦ እኔን ድፍት ያርገኝ!

ከዚያ ከንፈር መምጠጥ። የአንድ ሰው አይደለም። የቤት ሙሉ ሰው ከንፈር፣ እኩል፣ ከዚያች ትንሽ ድምፅ ማጉያ ወጥቶ ገላቸው ላይ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተለጠፈ።

ዘርትሁን በድንጋጤ ፎጣውን ወረወረች። ስልኩን ሸፈነው። ወይዘሮ የሻረግ ራቁታቸውን ቀሩ።


፰

ማግስቱን ምንታምር ደወለች። እርግጥ ራሱ አነሣ።

«እማዬ፣ ማንም ልብ ብሎ አላየም። ደግሞስ ሁላችንም ሰው አይደለን? የባሌ እናት እንኳ ቀኑን ሙሉ ስታለቅስልሽ ዋለች።»

«ንቀይው።»

«ምኑን?»

«ይሄን።»

«ከነቀልኩት በምን ላይሽ? ብትወድቂስ? ዘርትሁን፣ ትሰሚያለሽ? እንዳትነኪው! ከተነካ ካንቺ ነው የማየው!»

ዘርትሁን አልነካችውም። እንጀራዋ ነው። ወይዘሮ የሻረግ ግን በግራ እጃቸው ያንን አንገት ጨበጡት። ይለሰልሳል፤ ይሞቃልም። ትውከታቸውን እየዋጡ ገፉት፤ ጎተቱት፤ አረፉ፤ እንደገና ገፉት። ሲተዉት ስልኩ ግድግዳውን ያይ ነበር።

ጧ።

«እማዬ? ግድግዳ ነው የሚታየኝ።»

«አዎ።»

«አዙሪው!»

አላዞሩትም። ማታ ደወለች፤ ግድግዳ። በበነጋው ደወለች፤ ግድግዳ።


፱

ምንታምር በአውቶቡስ መጣች። በሩን ሳታንኳኳ ገባች፣ ቦርሳዋን ጣለች፣ እናቷን ከመሳሟ በፊት አንገቱን ይዛ ወደ አልጋው መለሰችው።

ያኔ ነው ወይዘሮ የሻረግ የወሰኑት።

«ከስተሻል!» አለች ምንታምር፣ አሁን እየሳመቻቸው። «አልበላም ትላለች አለችኝ ዘርትሁን። ለምን ትቀጪኛለሽ? እኔ ላይሽ ብዬ ነው።»

«አየሽኝ?»

ምንታምር ፊቷን አዞረች።

«ይቅርታ አልኩሽ እኮ እማዬ። ስንቴ ልበል? ስህተት ነበር።»

«ተኚ።»

«የት?»

«እዚህ። እኔን… ወንበሩ ላይ።»

ምንታምር ዘርትሁንን አየች፤ ዘርትሁን መሬት መሬቱን። ሁለቱ ተጋግዘው ወይዘሮ የሻረግን ዊልቸሩ ላይ አስቀመጧቸው። ምንታምር የመንገዱን ድካም ሰበብ አድርጋ፣ ፈገግ ለማለት እየሞከረች አልጋው ላይ ተጋደመች። ዘርትሁን ዊልቸሩን እየገፋች በረንዳ አወጣቻቸው። በሩን አስዘጉ።

«ደውይ» አሏት።

ዘርትሁን በራሷ ስልክ ወደ ራስጌው ስልክ በቪዲዮ ደወለች፤ ስክሪኑንም ከፊታቸው ያዘችላቸው።


፲

ጧ።

የአፍንጫ ቀዳዳዎች። ድርብ አገጭ። ጥርስ ላይ የቀረ ሊፒስቲክ። የገዛ ልጃቸው ከዚህ በኩል ስትታይ እንዲህ ታስጠላለች ብለው አስበው አያውቁም።

«እማዬ፣ ምን እያደረግን ነው?»

«የሸሚዝሽን… ቁልፍ ፍቺ።»

ምንታምር ሳቀች። የሳቀችው ብቻዋን ነው።

«ፍቺ» አሉ እንደገና። ይህኛው ቃል አልዘገየም። የሰልፍ ላይ ድምፃቸው ነበር።

ዓይኖቿ ስክሪኑ ላይ አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ሄዱ።

«እዚያ ማን አለ? ከማን ጋር ነሽ?»

አልመለሱላትም።

«እማዬ፣ ሰው አለ? ንገሪኝ። ጎረቤት ጠርተሻል?»

አልመለሱላትም።

የምንታምር እጅ ወደ አንገትጌዋ ወጣ። ቁልፉ ተፈታ። እንባዋ ወደ ጆሮዋ እየወረደ፣ ስልኩን ሳትነካ፣ ከአልጋው ሳትነሣ፣ ቀጥሎ ያለውን ያዘች።


፲፩

ደስ ይለኛል ብለው ነበር።

የመጣው ማቅለሽለሽ ነው፤ የቅዳሜው ዓይነት፣ ከዚያም የባሰ። መታየት ብቻ መስሏቸው ነበር የሚያቆሽሸው። አሁን ምራቃቸው መረረ። የሚያየው የራሳቸው ዓይን ነው።

ሊዘጉት ፈለጉ። የትኛውን እንደሚነኩ አያውቁም። የዘርትሁንን ክንድ በግራ እጃቸው ጨበጡ።

«ምን ልርዳዎ እትዬ?»

ዝጊው የሚለው ቃል እንደ ወትሮው ዘገየ። ስክሪኑ ላይ ሦስተኛው ቁልፍ ተፈታ።

ዓይናቸውን መጨፈን ይችሉ ነበር።

አልጨፈኑም።

«እትዬ?» ዘርትሁን ጆሮዋን ወደ አፋቸው አስጠጋች። «ምን አሉኝ?»

«                              »