የተጋደመው ክር

ሁብ ስህተቱን ያየው በመጀመሪያው ቀን ነው። ሲትስኬ ክሩን በኤክስሬይ ማሽኑ ውስጥ አቁማ ማሰር ሲገባት አጋድማ አስራዋለች። አንድ ቃል ይበቃት ነበር። እሱ ግን እጁን ኪሱ ከቶ እያፏጨ ወጣ።

ምን ዓይነት ሰው ነው አትሉም? ቂም ይዞ ነዋ! ሁብ በደቡብ ኔዘርላንድ፣ በኼሌን ከተማ ባለው የክር ፋብሪካ ቤተ ሙከራ ሃያ ስድስት ዓመት የሠራ ቴክኒሻን ነው። ሲትስኬ ዶክትሬቷን ይዛ ከሰሜን፣ ከፍሪስላንድ በመጣች በሁለተኛ ሳምንቷ፣ ሰው በተሰበሰበበት «ሁብ፣ ይሄ ልኬትህ ተሳስቷል» አለችው። ደግሞም ተሳስቶ ነበር። ያንገበገበውም ይኸው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክሩ ፕላስቲክ ነው፤ ግን እየተሳበ ሲቀጥን ሞለኪውሎቹ በሙሉ በርዝመቱ ይደረደራሉ። ጣት የማያህል ገመዱ መኪና የሚያነሳው ለዚህ ነው። በኤክስሬዩ ፎቶ ላይ ዋነኞቹ ነጠብጣቦች ግራና ቀኝ ከወጡ ድርድሩ ደህና ነው ማለት ነው። በሲትስኬ ፎቶ ላይ ግን ላይና ታች ወጡ። ክሩ ተጋድሞ ምን ያድርጉ! እሷ ክሩን ስላሞቀችው ሞለኪውሎቹ ወደ ጎን የዞሩ መሰላት። አዲስ ግኝት!

ሦስት ወር ሙሉ ለፋችበት። የሥራ ውሏ ሰኔ ላይ ያልቃል፤ ቋሚ ካልሆነች ልጇን ከትምህርት ቤት አስወጥታ ወደ እናቷ ቤት መመለሷ ነው። ይህን ለሁብ ነግራዋለች። ለሌላ ለማን ትንገር? በዚያ ቤት የሚያዋራት እሱ ብቻ ነበር።

ጠይቃዋለችም እኮ!

«ሁብ፣ ይሄ ፎቶ አልጥም ብሎኛል። ክሩን ደህና አድርጌ ነው ያሰርኩት? እስቲ እየው።»

ሁብ ጎንበስ ብሎ አየ። «ቀጥ ብሏል» አላት።

«እርግጠኛ ነህ?»

«አንቺ ደግሞ! ቀጥ ብሏል አልኩሽ እኮ።»

እውነቱን ነው፣ ቀጥ ብሎ ነበር። ቀጥ ብሎ ተጋድሞ!

ግንቦት ላይ ግኝቷን ልታቀርብ ሰው ሁሉ ተሰበሰበ። አለቃው ፓውልሰን እስክትጨርስ ዝም ብሎ ሰማትና፣

«ሞለኪውሎቹ ወደ ጎን ከዞሩ ክሩን ምን ያዘው? ገና ስንስበው እንደ እርጥብ ወረቀት መቀደድ አልነበረበትም?» አላት።

ሲትስኬ ክው አለች።

«አጋድመሽ ነው ያሰርሽው፣ እመቤቴ። አንገትሽን ትንሽ ዘንበል ብታደርጊ ኖሮ ግኝትሽ ያኔውኑ ያበቃ ነበር።»

ከኋላ አንዱ አንገቱን አዘንብሎ ፎቶውን አየ። ሌላውም ተከተለው። ከዚያ ሳቁ ፈነዳ። ያ ሁሉ ሰው አንገቱን አዘንብሎ ሲስቅባት የሁብ አንጀት ቅቤ ጠጣ።

ከሰዓት በኋላ ፓውልሰን ቢሮው አስጠራው። ሲትስኬ ጥግ ላይ ተቀምጣለች፤ ዓይኗ ቀልቷል።

«መሳሳት ማንም ይሳሳታል» አለ ፓውልሰን። «ማንንም ሳያሳዩ ሦስት ወር ማባከን ግን ሌላ ነው። እሷ፣ ሁብን ጠይቄው ደህና ነው ብሎኛል ትላለች። ጠይቃህ ከሆነ ጥፋቱ የእሷ ብቻ አይደለም፤ ቋሚ ውሏን አሁኑኑ እፈርማለሁ። ጠይቃሃለች?»

ሁብ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ «እኔን? ኧረ በፍጹም!» አለ።

ሲትስኬ ቀና ብላ አየችው።

ፓውልሰን የእስክሪብቶውን ክዳን ገጠመ። «እንግዲህ አለቀ። አንተ ከመምጣትህ በፊት፣ ቃላችሁ ቢለያይ ማንን ልመን ብዬ ጠይቄያት ነበር። ሁብን እመነው፣ እዚህ ቤት ያለኝ ወዳጅ እሱ ነው አለችኝ።»



«የምትጨምረው ነገር አለ?» አለው ፓውልሰን።

ሁብ የጫማውን ጫፍ ሲያይ ቆየ። «የለኝም» አለና በሩን ቀስ ብሎ ዘግቶ ወጣ።