ከራስ ቅሉ ጀርባ የቀረ ሣር

ኬዝያ ሆልብሩክ የጎሽ አጥንት መልቀም የጀመረችው ለደወል ነበር። የአኻያ ጅረት መንደር ሰዎች ቤተ ክርስቲያናቸውን ከሞላ ጎደል ሠርተው ጨርሰዋል፤ ደወል መግዣ ግን አጡ። ባቡር ጣቢያው ያለው ነጋዴ ደግሞ በዳኮታ ሜዳ ላይ ተበትኖ የቀረውን የጎሽ አጥንት ለማዳበሪያ በጋሪ እያስጫነ ይገዛል። ሴቶቹ ተመካክረው፣ «ወንዶቹ ጣሪያውን ይምቱ፣ እኛ አጥንት እንልቀም» አሉ። እስከ መስከረም ድረስ ሥራው አድካሚ ነበር። ሣሩ ወገብ ይደርሳል፤ አጥንት የሚገኘው ሲያደናቅፍ ብቻ ነው።

ከቃጠሎው በኋላ ግን ሥራው ቀለለ። ሜዳው ጠቁሮ ተነጥፎ፣ የራስ ቅሎቹ ከሩቅ ይታያሉ። ኬዝያን ያሳፈራት ይኸው ቅለት ነው። ያ እሳት የጎረቤታቸውን የአብኔር ክሮልን የክረምት ድርቆሽና በረት አውድሟል፤ አሁን ደግሞ እሷ የምትወደውን ሰው ሊያስባርር ነው።

ሰውዬው ኢቫር ይባላል፤ ከኖርዌይ የመጣ አናጺ ነው። በቃጠሎው ቀን የቤተ ክርስቲያኑን ጣሪያ ብቻውን ሲመታ ነበር። የአብኔር ሚስት ዶርቃ በመንገዱ ስታልፍ፣ ኢቫር የተገመደ ድርቆሽ አቀጣጥሎ ሣሩን ሲለኩስ አየችው። እሱ፣ «ከሰሜን የመጣውን እሳት በእሳት ለማቆም ነው» አለ፤ በእርግጥም ቤተ ክርስቲያኑ ተርፏል። ግን ነፋሱ በዚያ ቀን ሁለት ጊዜ ዞሯል። አብኔር፣ «መጀመሪያ የለኮሰው እሱ ነው፤ እሳቱ ከእጁ አምልጦ ወደ ሰሜን ሄዶ ድርቆሼን በላ፤ ከዚያ ነፋሱ ሲዞር ተመለሰ» ይላል። «ከሰሜን የመጣው እሳት ታዲያ ከየት ተነሳ?» ተብሎ ሲጠየቅ ኢቫር ዝም አለ። ዝምታውን ሰው ሁሉ እንደ ጥፋተኝነት ቆጠረው።

መጋቢ ፔንሮዝ በፈረስ እየዞሩ የሚያገለግሉ ስለሆኑ፣ ከመጪው እሁድ በኋላ በረዶው እስኪቀልጥ አይመለሱም። እሁድ ከስብከት በኋላ እጅ በማውጣት ድምፅ ይሰጣል፤ የኢቫር ስም ከማኅበሩ ይሰረዛል፤ መሬቱንም ትቶ እንዲሄድ ይነገረዋል። ስብሰባውን የሚመራው የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ የኬዝያ አባት ኦባድያ ሆልብሩክ ነው። በነሐሴ ወር ኢቫር ሲጠይቀው፣ «ልጄን ውሰዳት» ብሎት ነበር። ከቃጠሎው በኋላ ግን ቃሉን ወሰደ። ክፋት አልነበረበትም። «ስሙ ያልጠራ ሰው ልጄን አያገባም» አለ፤ ያንን ሲናገር ድምፁ ተሰብሮ ነበር።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ኬዝያ ጋሪዋን ቤተ ክርስቲያኑ ፊት አቆመች። ከላይ የመዶሻ ድምፅ ይሰማል።

«ለሚያባርሩህ ሰዎች ነው ጣሪያ የምትመታው?»

ኢቫር በቃጠሎው የተጎዳ ግራ እጁን በጨርቅ ጠቅልሏል። በከንፈሩ የያዘውን ምስማር አውጥቶ ወደ ታች አያት። «ጣሪያው የነሱ አይደለም» አለ።

«በዚያ ቀን ከላይ ሆነህ ምን አየህ?»

«ጭስ።»

«ጭሱ ከየት ይወጣ ነበር?»

«ከሣር።»

«በቅሎ ነህ። አንድ ቀን እንኳ ለራስህ ተናገር እንጂ።»

«በቅሎ ብሆን አባትሽ እስካሁን በሸጠኝ ነበር» አለና ምስማሩን መልሶ ከንፈሩ ላይ ሰካው። ፈገግ ለማለት ሞክሮ ነበር፤ ዓይኑ ግን አልፈገገም።

ኬዝያ ተናዳ ወደ ሥራዋ ሄደች። አንዱን የራስ ቅል በቀንዱ ይዛ ጎተተችው፤ ሊነሳ ሲል ግን እጇ ቆመ። ከራስ ቅሉ በስተ ሰሜን፣ ጎኑን ተጠግታ፣ መዳፍ የምታህል ያልተቃጠለች ሣር ቀርታለች። ዙሪያዋ ሁሉ ጥቁር ነው፤ እሷ ብቻ ቢጫ። ወደ ሌላው ሄደች። እዚያም ሣሩ የቀረው በሰሜን በኩል ነው። ሦስተኛውም እንደዚያው።

በዚያ አገር ክረምት የከረመ ሰው ይህን ለመረዳት መጽሐፍ አያስፈልገውም። በረዷማ ነፋስ ሲነፍስ ላም ጀርባዋን ለነፋሱ ሰጥታ ጥጃዋን በጉያዋ ትከልላለች። የራስ ቅሉም ፊቱን ለእሳቱ ሰጥቶ ከጀርባው ያለውን ከልሏል። ሣሩ የተረፈው በሰሜን ከሆነ፣ እሳቱ የመጣው ከደቡብ፣ ከኢቫር እጅ ነው። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዞራ አየች። ታዲያ አብኔር እውነቱን ነው?

ቢሆንም አልተመለሰችም። እየተራመደች በቤተ ክርስቲያኑና በአብኔር በረት መካከል ያለው ቦይ ጋ ደረሰች፤ ተሻገረች። ከቦዩ ወዲያ ባገኘችው የመጀመሪያ ራስ ቅል ሥር ጎንበስ ስትል፣ ሣሩ ያለው በደቡብ ጎን ነው። ቀጥላ ሌላ አየች፤ ደቡብ። በአብኔር በረት ፍርስራሽ አጠገብ ያለው ትልቁ ድንጋይም ከጀርባው ሣር አለው፤ ደቡብ።

ጥቁሩ አፈር ላይ ቁጭ አለች። ሁለት እሳት ነበር። የኢቫር እሳት ከቤተ ክርስቲያኑ ተነስቶ ቦዩ ላይ ቆሟል። የአብኔርን ድርቆሽ የበላው ሌላው ነው፤ እሱ ከሰሜን መጣ። ሳቋ መጣ፤ እንባዋም አብሮ መጣ። «ተመስገን» አለች፤ ቀሚሷን ሰብስባ ከበረቱ ወዲያ ወዳለው ኮረብታ ሮጠች። የእሳቱን መነሻ ይዛ ነው ወደ ኢቫር የምትመለሰው።

ኮረብታው አናት ላይ ስትደርስ ግን ቆመች።

ቃጠሎው ከታች ሰፊ ሆኖ፣ ወደ ሰሜን እየጠበበ እየጠበበ፣ መጨረሻው ላይ እንደ ምላስ ጫፍ ሾሏል። ጫፉ የሚነካው የገዛ ቤታቸውን ትልም ነው። ኦባድያ ጠንቃቃ ሰው ስለሆነ በየመከሩ ቤቱን በትልም ይከብባል፤ እሳት የታረሰ መሬት አይሻገርም። እናቷ ከሞተች ወዲህ ደግሞ፣ ልጁ እንዳትደክም ብሎ፣ ጠዋት ጠዋት የምድጃውን አመድ ራሱ ያወጣል። እንጨት በሌለበት አገር ምድጃው የሚነደው በተገመደ ድርቆሽ ነው፤ አመዱ የሞተ መስሎ ልቡ ይቆያል። ኦባድያ ይህን ያውቃል። ስለሚያውቅም ቤቱ አጠገብ አይደፋውም። ወስዶ ከትልሙ ውጭ ይደፋዋል።

ዞራ ወደ መጣችበት አየች። በሩቁ የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ይታያል፤ ጣሪያው ላይ አንዲት ጥቁር ነጥብ ትንቀሳቀሳለች። እሷ እሱን ካየችው፣ እሱም ከዚያ ሆኖ የነሱን ቤት ያያል። ጭሱ መጀመሪያ ከየት እንደተነሳ አይቷል። ለዚህ ነው ዝም ያለው።

እሁድ ጠዋት አባትና ልጅ በጋሪ ወደ ጸሎት ሲሄዱ ኬዝያ እጆቿን አቆላልፋ ተቀምጣለች። ሌሊቱን እንቅልፍ አልነበራትም።

«አባዬ፣ እሳቱን የለኮሰው ኢቫር ባይሆን፣ ያ ሰው ምን ማድረግ አለበት ትላለህ?»

«ሰው ፊት ቆሞ 'እኔ ነኝ' ማለት ነዋ።»

«ሳያውቅ ያደረገው ቢሆንስ?»

«አለማወቅ ድርቆሽ አይመልስም፣ ኬዚ።» አየት አደረጋት። «ማንን ነው የምታስቢው?»

ኬዝያ እጆቿን ፈታች። «አመዱን ከትልሙ ውጭ ነው የምትደፋው» አለች። «የእሳቱን ዱካ ተከትዬ ሄጄ አየሁት። ሰው ፊት ከምትሰማው ከኔ ብትሰማው ይሻላል ብዬ ነው።»

ኦባድያ ልጓሙን ሳበ። ፈረሶቹ ቆሙ። ዞሮ ወደ ትልሙ አየ። ከዚያ ልጓሙን ለቀቀና ጉዞው ቀጠለ። ኬዝያ ፊቱን ልታነብ ሞከረች፤ አልቻለችም። አባቷ በዚያ አገር ያለው ሀብት ስሙ ብቻ ነው።

መጋቢ ፔንሮዝ ሰብከው ጨረሱ። ኢቫር ከበሩ አጠገብ፣ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ኦባድያ ተነስቶ ወደ ፊት ወጣ፤ ወደ ልጁ አየ።

«ወንድም ሆልብሩክ» አለ አብኔር ከመሃል፣ «ጸሎቱ ተጸልዮአል፣ ቃሉም ተሰብኳል። እጃችንን እናውጣና ወደየድስታችን እንሂድ።»

«እጅ ከመውጣቱ በፊት በእግራችን የምንሄድበት ቦታ አለ» አለ ኦባድያ። «ኬዝያ፣ ልጄ፣ ነይ ምሪን። ያየሽውን አንድ ሳታስቀሪ አሳይን።»

ሕዝቡ እያጉረመረመ ወጣ። ኬዝያ የመጀመሪያውን የራስ ቅል አሳየች፤ የላሟንና የጥጃዋን ነገር ተናገረች። አሮጊቶቹ ገና ሳትጨርስ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«የጎሽ ራስ ቅል ለምስክርነት ሲቀርብ ገና ዛሬ አየሁ» አለ አብኔር።

«የበለዓም አህያም መስክራለች፣ ወንድም አብኔር» አሉ መጋቢው፤ ጫማቸው በአመድ ነጭ ሆኗል።

«አህያዋ ቢያንስ በሕይወት ነበረች።»

ሰው ሳቀ። ቦዩን ተሻግረው ሣሩ በደቡብ ጎን ሲሆን ግን ሳቁ ቀነሰ። በገዛ በረቱ ፍርስራሽ አጠገብ አብኔር ራሱ ድንጋዩ ሥር ተንበርክኮ ሣሩን በጣቱ ዳሰሰ። ተነስቶ ኢቫርን አየው፤ ባርኔጣውን አወለቀ። ኮረብታውን ሲወጡ የሚሰማው የእግር ኮቴ ብቻ ሆነ። አናቱ ላይ ሁሉም ቆሙ። በቃጠሎው ጫፍ ያለው የማን ቤት እንደሆነ የማያውቅ ሰው የለም። ዶርቃ አፏን በመዳፏ ያዘች።

ኦባድያ አልቆመም። ብቻውን ቀድሞ ቁልቁለቱን ወረደ፤ ከትልሙ ውጭ ካለው የአመድ ቁልል ዘንድ ሄዶ ቆመ። ሰዎቹ እስኪደርሱ ጠበቃቸው።

«እኔ ነኝ» አለ። «የራሴን ቤት ከእሳት ለመጠበቅ እሳቱን ከትልሙ ውጭ እናንተ ላይ ደፋሁት። ድርቆሼ ሳይነካ እዚያው ቆሟል፤ አብኔር፣ ግማሹን ዛሬ ጫን። በረትህንም እኔ እሠራለሁ።» ወደ ኢቫር ዞረ። «አንተ ከጣሪያው ላይ አይተህ ነበር?»

«ጣሪያው ከፍ ይላል» አለ ኢቫር።

«ታዲያ ለምን አልተናገርህም? ልትባረር ነበርኮ።»

ኢቫር ባርኔጣውን በእጁ አዞረው። «እሷ የአባቷን ነገር ከኔ አፍ እንድትሰማ አልፈለግሁም። መቼም እርስዎ ራስዎ ቢደርሱበት እንደማይሸሽጉት አውቃለሁ። እሱን ነበር የምጸልየው።»

ኦባድያ ዓይኑን በእጀታው ጠረገ። «እንግዲህ ወንድሞች፣ እጅ ይውጣ። ስለ ኢቫር ግን አይደለም፤ ስለ እኔ ነው።»

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ቆይቶ የአብኔር እጅ ቀስ ብሎ ወጣ። ሁሉም ዞሮ አፈጠጠበት።

«ምን ታዩኛላችሁ? ይቅር ለማለት ነው ያወጣሁት» አለ አብኔር። «ለይቅርታ በየትኛው እጅ እንደሚወጣ የነገረኝ የለም።»

ያን ጊዜ የሁሉም እጅ ወጣ፤ አንዳንዱም ሁለቱን አወጣ።

ኦባድያ ኢቫር ዘንድ ሄዶ በጨርቅ የተጠቀለለውን እጁን በሁለት እጁ ያዘ። «በነሐሴ አንድ ነገር ጠይቀኸኝ ነበር። ድገመው።»

«መልሱ እንደ በፊቱ ተመልሶ የሚወሰድ ከሆነ አልደግምም፣ አድካሚ ነው።»

«ኢቫር» አለች ኬዝያ፣ «ዛሬም ምስማር ከንፈርህ ላይ ካለ አውጣና ተናገር።»

ተናገረ። መጋቢ ፔንሮዝም ወደ ሰማዩ አንጋጠው፣ «በረዶው በመንገድ ላይ ነው፤ እኔም እስከ ፀደይ አልመለስም። ሙሽራዋ ቀሚሷ ጥላሸት መልበሱን ካልቆጠረችው...» አሉ።

«አልቆጥረውም» አለች፤ መጋቢው ገና አልጨረሱም ነበር።

በዚያው በጥቁሩ ሜዳ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ተመለሱ። አብኔር መዝሙሩን በማይሆን ከፍታ ጀመረው፤ የቀረውም ተከተለው። ማን እንደጀመረው አይታወቅም፣ ሰው ሁሉ በመንገዱ ያገኘውን አጥንት እያነሳ በብብቱ ይዞ ይዘምር ነበር። ዶርቃ ሁለት የራስ ቅል ይዛለች፤ መጋቢው አንድ። ደጃፉ ላይ ሲደርሱ የኬዝያ ጋሪ ሞልቶ ፈሰሰ፤ የደወሉ ዋጋ ሞላ። ኢቫርና ኬዝያ ገና ያላለቀው ጣሪያ ሥር ቆመው ቃል ሲገቡ፣ ሰማዩ በወራጆቹ መሃል ይታይ ነበር።

ደወሉ በሚያዝያ ደረሰ። ገመዱን መጀመሪያ የሳበው አብኔር ነው፤ ማንንም አላስቀደመም። ድምፁ ቦዩን ተሻግሮ፣ አዲሱን በረት አልፎ፣ አረንጓዴ ወደለበሰው ኮረብታ ወጣ። ኦባድያ ከትልሙ ውስጥ ቆሞ፣ አመድ ላይ አፈር እያለበሰ ሰማው። አካፋውን ተክሎ ባርኔጣውን አወለቀ።